«ተደብቃለች» ብዬ የጻፍኋት ሴት

ሥራዬን ስለቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጡረታ አልወጣሁም፤ ሽኝትም ጋቢም አልተሰጠኝም። ዘጠኝ ዓመት ባሕር ዳር በአንድ ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ሆኜ ሠራሁ፤ አሁን በሞተር ዕቃ አደርሳለሁ። ስልክ እደውላለሁ፣ ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ይጠብቀኛል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበለኛል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መጥሪያ ሰጥቼው «እግዜር ይስጥልኝ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ማንበብ ስለማይችል የእርዳታ ወረቀት መስሎት ነው።

እናቴ እስከ ዛሬ የተባረርሁ ይመስላታል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «የመንግሥት ሥራ ትታ ሞተር ላይ መውጣቷ ምን የሚሉት ዕብደት ነው?» ይላል። አልተባረርሁም። የወጣሁበትን ምክንያት ግን ለጠየቀኝ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መናገር ስላልቻልሁ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። እቤት መዋል ደግሞ አልችልም፤ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየሁ እግሬን ይበላኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «መጥሪያ አድራሽ» የሚል ክፍት የሥራ ቦታ ሳይ፣ የእግር ሥራ መሆኑን ማወቄ ብቻ በቃኝ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን እንለፈው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ሰው ሌላውን ሲከስ ፍርድ ቤቱ ለተከሳሹ «በዚህ ቀን ቀርበህ መልስ ስጥ» የሚል ወረቀት ይልካል። ወረቀቱ ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱን ተከሳሹ ይወስዳል፣ ሌላው ላይ ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። አድራሹ ከጀርባው ምን እንዳደረገ ጽፎ ይፈርማል። ወረቀቱ ደርሶት ያልመጣ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል። ያልደረሰው ሰው ግን በሌለበት ሊፈረድበት አይገባም። ዳኛው ሁለቱን የሚለየው ከጀርባው ባለው ጽሑፍ ነው፤ ማለት በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሌ ናቸው። እኔ ስገባ እሳቸው መጥሪያ ማድረስ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል፤ ቦርሳ አይወዱም። «ቦርሳ የያዘ ሰው ሲመጣ ከብቱ ሳይቀር ይሸሻል» ይላሉ። መንደር ሲገቡ የሚፈልጉትን ሰው ስም አይጠሩም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ውሃ ይጠይቃሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዳጉሳው፣ ሰሞኑን ስለሞተው ሽማግሌ ያወራሉ። ከዚያ «የእገሌ ልጅ የት ገባ? የማን አማች ሆነ?» እያሉ ሰውየውን በዘመዶቹ በኩል ዞረው ይደርሱበታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እግሬን እቀያይራለሁ።

«ጋሼ፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ። ለምን ጠርተነው አንሄድም?»

«ወረቀቱን ያጻፈው ከሳሹ ነው። ከሳሽ ስለ ተከሳሽ የሚናገረው የሚጠቅመውን ያህል ነው። ተቀመጪ፣ አንቺ ነፋስ።»

ቀኑንም እንደተጻፈው አይነግሩም። ጥር ሃያ ዘጠኝ የሚለውን «የአማኑኤል ማግስት» ያደርጉታል። ሐይቁ ዳር ላሉት ሙስሊም ዓሣ አጥማጆች ደግሞ «ጁምዓ ካለፈ በሦስተኛው ቀን» ይላሉ። ሰውየው ቀኑን በራሱ አፍ ደግሞ እስኪነግራቸው ድረስ ከተቀመጡበት አይነሡም። ጣቱን ላተመ ሰው ቀለሙን በራሳቸው መሐረብ ይጠርጉለታል። ልቅሶ ቤት ሣልስት ሳያልፍ ወረቀት ይዘው አይገቡም፤ በዚህ የተነሣ ከአለቃችን ጋር ስንት ጊዜ ተነታርከዋል።

አንድ ቀን ሰይድ የሚባል ዓሣ አጥማጅ፣ የጎረቤቱን መረብ ቀድደሃል ተብሎ የተከሰሰ፣ ከሩቅ አይቶን ታንኳውን ወደ ሐይቁ መልሶ ቀዘፈ። እኔ ጀልባ ይዘን እንከተለው አልሁ። ጋሽ ደምሌ ዳር ላይ ከበቀለው ደንገል አጠገብ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።

«ዓሣ ይዟል። ፀሐይዋ ታመጣዋለች» አሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰይድ ወደ ዳር ተጠጋ። «ጋሼ፣ አልሄዱም እንዴ?» አለ ከታንኳው ላይ ሆኖ።

«የት እሄዳለሁ? ይልቅ ዓሣህ ሳይሸት ውጣ። ከሸተተ ሰውየው እሱንም ጨምሮ ይከስሃል።»

ሰይድ ሳቀ። ወጣ፣ ፈረመ፣ ቀኑን ደግሞ ተናገረ። ዓሣ ሊሰጠን ሲል ጋሽ ደምሌ እምቢ አሉ፤ እኔን ቆጨኝ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ይሄ ሰው ደርሶት ቢቀር ኖሮ ምን ይባል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቀርቷል ይባላል፤ ሌላ ምን ይባላል?»

«አዎ፣ መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ነው። እኔ ያየኋቸው ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ንቆ የሚቀር አለ። በሩ ድረስ መጥቶ፣ ፈርቶ የሚመለስ አለ። ልጇ ታማባት የቀረች አለች። ቀኑን ተሳስቶ በማግስቱ ንጹሕ ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው አውቃለሁ፤ ተፈርዶብሃል ሲሉት 'መጥቻለሁ እኮ' እያለ በሩ ላይ ዋለ። ለዳኛው ሁሉም ቀርቷል ነው፤ ዳኛው አላያቸውማ። ያየሻቸው አንቺ ነሽ። የምትጽፊው ያየሽውን ነው።»

ሰማሁ። መስማት ግን ምን ዋጋ አለው?

ጋሽ ደምሌ ጡረታ ሲወጡ የእሳቸውን ቀበሌዎች ጭምር ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌትነት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝርዝር የሚወድ ሰው ነበር። አርብ አርብ «ስንቱ ደረሰ? ስንቱ ቀረ?» ይለኛል። ጋሽ ደምሌ በሦስት ቀን የሚያደርሱትን እኔ በአንድ ቀን አደርስ ነበር። «ፈጣኗ» ይሉኝ ጀመር። ወደድሁት። ከዳኞቹ አንዱ ሲዘዋወር ሌላ ሲመጣ፣ ለአዲሱ ዳኛ በስም ከሚያስተዋውቋቸው ሠራተኞች አንዷ እኔ ሆንሁ።

ጥሩወርቅ የምትባለው ሴት መዝገብ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከሳሾቹ ሁለት ወንድሞቿ ናቸው። አባታቸው ዘጌ ላይ የቡና መሬት ትቶ ሞቷል። ወንድሞቿ «እህታችን ስትዳር ድርሻዋን ወስዳለች፤ መሬቱ የእኛ ብቻ ነው ተብሎ ይወሰንልን» ብለው ከሰሱ። ታላቅየው ሙላት ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው፤ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል ወረቀት አያቀብልም።

«አድራሻዋ የት ነው?» አልሁት።

«ከዘጌ አለፍ ብሎ ሐይቁ ዳር ካለው መንደር ነው። እዚያ ስትደርሺ ጠይቂ።»

ወረቀቱ ላይ የነበረው ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም፣ የመንደሩም ስም ነው። ጋሽ ደምሌ ቢሆኑ «ማንን አግብታ ነው እዚያ የሄደችው?» ሳይሉ ሙላትን ከመስኮቱ አይለቁትም ነበር። እኔ ማኅተሙን አይቼ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። አዎ፣ ቦርሳ ነበረኝ።

ኅዳር ወር ነበር። ጀልባ ነጂው ገና ስንነሣ «ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሣል፤ ብትዘገዪ ጥዬሽ እሄዳለሁ» አለኝ። ደርሼ ወረድሁ። ከወደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ወፍጮ ቤት አለ፤ ደጁ ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። መንደሩን ቤት ለቤት ከምዞር እዚሁ ልጨርስ ብዬ ከሰልፉ ራስ ላይ ቆምሁ።

«ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ታውቃላችሁ?»

ተያዩ። «የለችም» አለች አንዲቱ። ሌላዋም «እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ልጄ፣ ወርቅ በመንደራችን ቢኖር ዳጉሳ ተሸክመን እዚህ እንሰለፍ ነበር?» አሉ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔ መሳቃቸውን አልወደድሁትም። ሰው ሲደብቁ የሚስቁ መንደሮች አይቻለሁ። የአባቷን ስም ጨምሬ ደግሜ ጠየቅሁ፤ ያው ነው። እንጨት ላይ ተቀምጣ ልጅ የምታጠባ ሴት «ቁጭ በይና ውሃ ጠጪ፤ ወንዶቹ ሲመጡ ይነግሩሻል» አለችኝ። ጀልባ ነጂው ከታች ያፏጫል። አልተቀመጥሁም።

ወደ ጀልባው ስወርድ አንዲት ቀጠን ያለች ሴት የተፈጨ ዱቄቷን ተሸክማ ከኋላዬ ትመጣለች። ከሰልፉ አልነበረችም፤ ከወፍጮው ውስጥ ነው የወጣችው፣ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ነክቶታል። ድንጋዩ ያንሸራትት ስለነበር ዱቄቷን አስቀምጣ የጀልባውን ገመድ ያዘችልኝ።

«እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«አንቺን አይመለከትም» አልኋት።

«እሺ» አለች። እስክቀመጥ ድረስ ገመዱን አልለቀቀችም።

ጀልባው እየሄደ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከጀርባው እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በተባለው መንደር ተገኝቼ ፈልጌአታለሁ። የመንደሩ ሰዎች እያወቁ አላወቅንም በማለታቸው ተከሳሿ ተደብቃለች።» ፈረምሁ። ይህንን አይቶ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ፤ ተለጠፈ። በቀጠሮው ቀን ስሟ ተጠራ፣ አልተገኘችም፣ ቀርታለች ተባለ። መሬቱ ለወንድሞቿ ተፈረደ። እኔ በዚያ ሳምንት ሌላ ሃያ ምናምን ወረቀት አድርሼ ነበር፤ ትዝም አላለችኝ።

የካቲት ላይ አቶ ጌትነት ጠራኝ። «የዚያች የዘጌ መሬት ተከሳሽ መጥታለች። መጥሪያ አልደረሰኝም ብላ ፍርዱ ይነሣልኝ የሚል ማመልከቻ አስገብታለች። ነገ አንቺም ትጠየቂያለሽ» አለኝ።

ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። ከባሏ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቅንድቧ ላይ ዱቄት የለም እንጂ ያችው ናት። እሷም አወቀችኝ።

«አንቺ ነሽ ጥሩወርቅ?» አልኋት።

«አባቴ ያወጣልኝ እሱን ነው። እዚያ የሚያውቁኝ በየኛነሽ ነው።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ወዲያ የባሏ መንደር በዚያ ስም እንጂ በሌላ አይጠራትም። የገዛ እናቴ ባሕር ዳር አንድ ስም፣ በትውልድ መንደሯ ሌላ ስም አላት። ልጅ ሆኜ አጎቶቼ ሲመጡ ሌላ ሰው የሚጠሩ እየመሰለኝ እስቅ ነበር። ይሄን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ቆሜ ግን አላሰብሁትም። የኛነሽ አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ መንደር ስትኖር ከባሏና ከአማቷ በቀር የቀድሞ ስሟን የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ አባቷ መሬት ቡና ለቀማ ስትሄድ ታናሽየው ወንድሟ የግቢው በር ላይ ቆሞ የፍርድ ወረቀት አሳይቷታል። ማንበብ ስለማትችል ባሏ ነው ያነበበላት። «ተደብቃለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«ከማን ነው የተደበቅሁት?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

ባሏ የፍርዱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ቢሮ ስመለስ አቶ ጌትነት በሩን ገርበብ አድርጎ «ስሚኝ» አለኝ። «ሦስት ወር አልፎታል። አላስታውስም በይ። ማንም አይፈርድብሽም። አጥፍቻለሁ ካልሽ ግን በሌሎቹ መዝገቦች ላይ የጻፍሽውም ይጠየቃል። እኔም እጠየቃለሁ።»

«አላስታውስም ካልሁ ፍርዱ ይነሣላታል?»

«ያ የዳኛዋ ሥራ ነው» አለ።

ከሥራ ስወጣ ጋሽ ደምሌ ቤት ሄድሁ። ጓሯቸው ውስጥ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። ነገሩን ነገርኋቸው። ኩትኳቶውን አላቋረጡም።

«ምን ያህል ቆየሽ እዚያ?»

«ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ተቀመጪ አላሉሽም?»

«ብለውኛል። አልተቀመጥሁም።»

አንድ ሙሉ መደብ ኮትኩተው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። የሚያጽናና ነገር ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ምናልባት እሳቸውም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው እንደሆነ ይነግሩኛል ብዬ።

«አቶ ጌትነት አላስታውስም በይ ብሎኛል» አልሁ።

«ታስታውሻለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት።»

«አትርፈጂ» አሉና ወደሚቀጥለው መደብ ተሻገሩ።

በማግስቱ ችሎት ቀርቤ ማልሁ። ሙላት ጠበቃ ይዟል፤ ጠበቃው «አድራሿ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ በጊዜው የጻፈችው ይታመናል» አለ። ዳኛዋ ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው አነበቡና ዐይናቸውን ወደ እኔ አነሡ።

«ተደብቃለች ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ስትደበቅ አይተሻታል?»

«አላየሁም። ሴቶቹ ስለሳቁ የደበቋት መሰለኝ። የማን ሚስት እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት።»

«ተከሳሿን በዚያ ቀን አግኝተሻታል?»

«አግኝቻታለሁ። የጀልባዬን ገመድ ይዛልኝ ነበር። ማንን ትፈልጊያለሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ አንቺን አይመለከትም አልኋት። ያልተደበቀችውን ሴት ነው ተደብቃለች ያልሁት።»

ችሎቱ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ያልሁትን ቃል በቃል አስጻፉ። ከዚያ ወደ ሙላት ዞሩ። «እህትህ በባሏ መንደር በሌላ ስም እንደምትጠራ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ሙላት፣ እንደ ልማዱ በትሕትና።

የኛነሽ ሳይፈቀድላት ተነሣች። «ስሙ ሲወጣልኝ አጠገቤ ቆሞ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነው» አለች። ዳኛዋ ተቀመጪ አሏት፤ ተቀመጠች።

በዚያው ቀን ፍርዱ ተነሣ፤ ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲሰማ ቀጠሮ ተያዘ። ውጭ ስንወጣ የኛነሽ አጠገቤ ቆመች። ታመሰግነኛለች ብዬ የሰጋሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«አላመሰግንሽም» አለችኝ።

«አታመስግኚኝ።»

«ልጆቼን ለጎረቤት ጥዬ ነው የምመላለሰው። ቡናውም ዛሬ እየተለቀመ ነው» አለችና ባሏን ተከትላ ሄደች።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ወደ መዝገብ ማስቀመጫ ክፍል ተዛወርሁ። አቶ ጌትነት ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነሣኝ። በእሱ አልፈረድሁም፤ የፈራው ነገር ደርሶበታል፣ የጻፍኋቸው ሌሎች «ተደብቋል»ዎች አንድ በአንድ ታዩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ሰባቱ እውነት ተደብቀው የነበሩ ናቸው፤ ስለ አራቱ ምንም ማረጋገጥ አልቻልሁም። ስለ እነዚያ አራት ሰዎች አሁንም አስባለሁ። ከእሷ ጋር ቢያንስ ተያይተናል።

አሁን መጥሪያ በስልክም ይላካል ይባላል። ይሻላል የሚል አለ። እኔ ዕቃ ሳደርስ በአንድ ቁጥር ሦስት ሰው ሲያነሣ ስላየሁ ምንም አልልም። የወጣሁትም ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ፣ መቀመጥ ስለማልችል፣ ደግሞም ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ቀርቷል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ማን ሄዶ እንደፈለገው ማየት ስለለመድሁና ለባልደረቦቼ አስቸጋሪ ስለሆንሁ ነው። የየኛነሽና የወንድሞቿ ክርክር ይግባኝ ላይ ነው፤ አላለቀም።

ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ቀን፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ በሚሰማበት ግንቦት ወር፣ መዝገብ ተሸክሜ በመተላለፊያው ሳልፍ አየኋት። ባሏ አልመጣም፤ ብቻዋን አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በሰው መካከል ተጣብቃ ተቀምጣለች። ሙላትና ጠበቃው በር ላይ ቆመዋል። የችሎቱ አስከባሪ ብቅ ብሎ፣ በጥድፊያ፣ የሙላትን ስም ጠራ። ቀጥሎ «ጥሩወርቅ» ብሎ የአባቷን ስም ጨመረ።

ሙላት ፊት ለፊቷ አልፎ ገባ። አልነካትም፤ ዐይኑንም አላነሣባትም። እሷ አልተነሣችም፤ አሥራ ሁለት ዓመት በመንደሯ ያልተጠራችበት ስም ነው። እንደ ሌላው ሰው አንገቷን አዙራ፣ ማን ይነሣ እንደሆነ ትመለከታለች። አስከባሪው ሁለተኛ ጠራ። ሦስተኛም ጠራና ብዕሩን ወደ ዝርዝሩ አወረደ።

መዝገቦቹን መሬት ላይ አኖርሁ፣ ሄጄ ትከሻዋን ነካሁ።

«አንቺን ነው» አልኋት።

«እኔን?»

«አዎ፣ አንቺን።»

ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ተነሣች፣ መተላለፊያው ሙሉ እስኪሰማ ድረስ «አለሁ» አለች። አስከባሪው መጻፍ የጀመረውን ሰርዞ በሩን ከፈተላት።